ግማሹ ቁልፍ እማዬ ጋ፣ ግማሹ እኔ ጋ

ውድ ዘበኛችን፦

እንደምን ከርመሻል? ሆድሽስ እንዴት ነው? ልጁ አሁንም ይራገጣል ወይስ እንደ አባቱ እንቅልፋም ሆነ? እኛ ደህና ነን። ይህን የምልሽ ለወጉ አይደለም፤ እስከ መጨረሻው ስታነቢው ይገባሻል። በወረቀት መጻፌ ደግሞ አይግረምሽ። በኢሜይል ብልክልሽ «እውነት አንቺ ነሽ የላክሽው?» ብለሽ ሳትደውዪ እንደማትከፍቺው አውቃለሁ፤ ያን ሁሉ ልፋት ከምታዪ ብዬ ነው።

ባልሽ «ኮምፒውተሩን ትንሽ ነገር ነክቶት ነበር» ብሎሽ ይሆናል። ወንድሜን ታውቂው የለ፣ ቤት ቢቃጠል «ትንሽ ጭስ ነበር» ነው የሚለው። ስለዚህ ከሥሩ ልንገርሽ። አንቺው የሠራሽውን መልሼ ለአንቺ መተረኬ ሊያስቅሽ ይችላል፤ ግን ከእኛ በኩል ሆኖ ሲታይ ምን እንደሚመስል ማንም ነግሮሽ አያውቅም።

ሙሽራ ሆነሽ ስትመጪ ሳሎን ጥግ የተቀመጠው ኮምፒውተር የሁላችንም ነበር፤ የሁሉ የሆነ ነገር ደግሞ የማንም አይደለም። የእኔ የልብስ ንድፍ፣ የወንድሜ ጌም፣ የእማዬ ድራማ፣ የአባዬ የመናኸሪያ ፎቶ፣ ሁሉም በአንድ አካውንት፣ ያለ ፓስወርድ፣ ሁላችንም አዛዥ። ሲበራ ማስታወቂያው ከየጥጉ እየዘለለ ይወጣል። አንቺ ከምትሠሪበት የሆስፒታል መድኃኒት ቤት ገና መግባትሽ ነው፣ ጫማሽን እንኳ አላወለቅሽም፤ ከጀርባዬ ቆመሽ አየሽውና «ይሄ እኮ በሩ ሁሉ ክፍት የሆነ ቤት ነው» አልሽ። እኔ በሆዴ «መጣችልን ደግሞ» አልኩ።

በሚቀጥለው የእረፍት ቀንሽ ሁላችንንም ሰበሰብሽን። ለእያንዳንዳችን የየራሳችን አካውንት እንደምትከፍቺ፣ በእሱ እንደምንጽፍ፣ እንደምንሠራ፣ ድራማም እንደምናይ፣ አዲስ ፕሮግራም መጫን ግን እንደማንችል ነገርሽን። «እሱን የሚችለው አንድ አካውንት ብቻ ነው፣ አድሚኑ» አልሽ። ወንድሜ ደረቱን ነፋ አድርጎ «እሱ የእኔ ነው ማለት ነዋ» አለ።

«የአንተ አይደለም።»

«ታዲያ የአንቺ?»

«የእኔም አይደለም። የማንም አይደለም።» ከዚያ እስካሁን ያልረሳሁትን ነገር አልሽን፦ «ቫይረስ የራሱ ሥልጣን የለውም። የከፈተለትን ሰው ሥልጣን ይዞ ነው የሚገባው። ተራ ሰው ከከፈተለት ተራ ሆኖ ይቀራል፤ አዛዥ ከከፈተለት አዛዥ ይሆናል።»

ሥራ ቦታሽ ስላለው ቁም ሣጥን ያወራሽልንም ያን ቀን ነው። ከባድ ከባዱ መድኃኒት የሚቀመጥበት ሁለት ቁልፍ እንዳለው፣ ቁልፎቹም በሁለት ሰው ኪስ እንደሚያድሩ። «አንዱ ቢደክመው፣ ቢሳሳት፣ ቢያባብሉት እንኳ ሌላው አለ» አልሽ። እንደዚያው አድርገሽ የአድሚኑን ፓስወርድ ለሁለት ከፈልሽው፤ የፊተኛው ግማሽ የእኔ፣ የኋለኛው የእማዬ። እኔና እማዬ ያኔ እንዴት እንደነበርን ታስታውሻለሽ። እሷ የስፌት መኪናዬን ጩኸት፣ እኔ የድራማዋን ጩኸት፣ ሁለታችንም አንዳችን የአንዳችንን ድምፅ መስማት የማንወድ ሴቶች። ከቤቱ ሰው ሁሉ እኛን መምረጥሽ ገርሞኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። የሚስማሙ ሁለት ሰዎች ቶሎ እሺ ይባባላሉ።

የእኔን ግማሽ ስጽፍ እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፣ እሷ ስትጽፍ እኔ ዞርኩ። አንቺ ግን ከነጭራሹ ጓሮ ወጥተሽ ልብስ ታሰጪ ነበር። ስትመለሺ «ጨረሳችሁ?» ብቻ አልሽ። ቁልፉን የሠራች ሴት ራሷ ውጭ ቀረች። ሰው ሌላውን መከልከል አይከብደውም፤ ራሱን ከልክሎ ልብስ የሚያሰጣ ሰው ግን እኔ ከአንቺ በቀር አላየሁም።

ለእማዬ ደግሞ አንድ ጥያቄ አስተማርሻት። ማንኛውም ነገር ፓስወርድ ሲጠይቅ «እኛ ነን የፈለግነው ወይስ እሱ ነው የመጣብን?» በሉ አልሽ። እማዬ ወዲያው «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚለውን አታስገቡ ነው የምትዪው» አለችሽ። «ልክ እንደሱ ነው፣ እማማ» አልሻት። አባዬ ሶፋው ላይ ተጋድሞ «ቤታችን ዘበኛ ተቀጠረለት» አለና ስም አወጣልሽ። ያኔ ቀልድ ነበር።

የአባዬን ድምፅ ለአንቺ አልነግርሽም። መናኸሪያው ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲጠራና መንገደኛ ሲሸኝ የኖረ ሰው ነው። ፊቱን የማያውቁት ድምፁን ያውቁታል፤ ዳቦ ቤት ገብቶ ዳቦ ሲጠይቅ ወረፋው በሙሉ ዞር ይላል። እና ሐኪሙ ጉሮሮውን አይቶ «ሕይወቱን እናተርፋለን፣ ድምፁን ግን አብሮ ማውጣት ግድ ነው» ሲለን ቤቱ ሐዘን ቤት ሆነ። እኔ አለቀስኩ፣ እማዬ አለቀሰች፣ ወንድሜ ሽንት ቤት ገብቶ ውሃ ከፍቶ አለቀሰ። አንቺ ጓዳ ገብተሽ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ትሰቅዪ ነበር። እኔማ እብደት መስሎኝ «ምን ሆነሽ ነው?» ብልሽ «ድምፁ እንዳያስተጋባ ነው፣ ማይክሮፎን ገዝቻለሁ» አልሽኝ።

ቀዶ ጥገናው ሳይደርስ በየቀኑ ማይክሮፎኑ ፊት አስቀመጥሽው። ለሚወለደው ልጃችሁ ተረት ቀዳ። ለወንድሜ ስድብ ቀዳ፣ ያውም በፍቅር። ለእኔ ሠርግ ምርቃት ቀዳ። ለእማዬ ደግሞ በሩን ዘግቶ፣ አንቺን እንኳ አስወጥቶ፣ ብቻውን ቀዳ። በየቀኑ ሲጨርስ እኔና እማዬ ተጠርተን ግማሽ ግማሻችንን እናስገባለን፤ አንቺም የቀዳውን ከእሱ አካውንት አውጥተሽ በአድሚኑ ወደ ተቆለፈ ፎልደር ታዛውሪዋለሽ። «ሁሉም ይሰማዋል፣ ማንም አይነካውም» የሚለው ሕግሽ ያኔ ነው የወጣው። አንድ ቅጂ በፍላሽ አድርገሽ ለእማዬ ሰጠሻት፣ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠችው።

ጠቡ የተነሳው በዚሁ ሕግ ነው። አባዬ አንድ ቀን የቀዳውን ሲያዳምጥ ድምፁ ተንቀጥቅጦ ሰማውና ሊያጠፋው ፈለገ። ኮምፒውተሩ እምቢ አለው። አንቺን ጠራሽ።

«አጥፊልኝ።»

«እኔም አልችልም፣ አባባ። ሁለቱን ይጥሩና ይክፈቱልዎት። ግን ዛሬ ባይሆን፤ ዛሬ ተናደዋል። ዛሬ ያስጠላዎት ነገ ይናፍቅዎት ይሆናል።»

ይህ ሁሉ የሆነው እንግዳ ፊት ነበር። አባዬ ቱግ አለ። «በገዛ ቤቴ፣ የገዛ ድምፄን ዘበኛ አቆመችበት!» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገረሽም። እኔም ለነገሩ በሆዴ «የራሱ ድምፅ እኮ ነው፣ አበዛችው» ብያለሁ። የወንድሜ ዝውውር መጥቶ ልትሄዱ ስትሉ አንድ ቅጂ ልትወስጂ ጠየቅሽው፤ ፊቱን አዞረብሽ። «ካልፈቀደ አልወስድም» ብለሽ ባዶ እጅሽን መኪና ውስጥ ገባሽ። ያን ቀን አባዬ ከመኝታ ክፍሉ ሳይወጣ ነው የሄዳችሁት። ብዙም ሳይቆይ ቀዶ ጥገናው ሆነ።

አሁን አንገቱ ላይ ትንሽ ነጭ ሰሌዳ አንጠልጥሎ ይዞራል። ጠረጴዛውን በጣቱ ሲመታ «ኑ» ማለት ነው። የቀዳውን አንድ ቀን እንኳ ከፍቶ አልሰማም፤ እኛም እሱ እያለ ለመክፈት ደፍረን አናውቅም። ይልቅ ኢንተርኔት ላይ እንደሱ ድምፃቸውን ያጡ ሰዎች የሚጻጻፉበት ቦታ አግኝቶ እዚያ ይውላል። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ጓደኛ አገኘ ብዬ።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ እኔ ጠርዝ እየሰፋሁ፣ እማዬ ጓሮ እያጠበች፣ ጠረጴዛው ተመታ። ስሄድ ስክሪኑ ላይ ፓስወርድ የሚጠይቀው መስኮት ተከፍቷል። አባዬ ሰሌዳው ላይ «ግማሽሽን አስገቢ» ብሎ ጽፏል።

«ምንድን ነው እሱ?»

ጠረገና «ድምፄ» ብሎ ጻፈ።

ኢሜይሉን አሳየኝ። «የቀድሞ ድምፅዎን ይዘው ዳግም እንዲናገሩ የሚያደርግ ፕሮግራም፣ በነጻ» ይላል። የተቀዳ ድምፅህን ታስገባለህ፣ ከዚያ አንተ ስትጽፍ እሱ በአንተ ድምፅ ይናገራል። አባዬ የእማዬን መሳቢያ ከፍቶ ፍላሹን አምጥቶ ሰክቶታል፣ ድምፁን ከዚያ እንዲወስድለት። ዓይኑን ብታዪው። እንደዚያ ሲያበራ ካየሁት ቆይቻለሁ። አንጀቴን በላው። ግማሼን አስገባሁና «እማዬ» ብዬ ተጣራሁ።

እማዬ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። ስክሪኑን አየች፣ አባዬን አየች፣ እኔን አየች።

«ማነው የላከው?»

አባዬ ጻፈ፦ «ባለሙያዎች»።

«የትኞቹ? ስማቸውን ታውቃለህ?»

ጠረገና «በነጻ ነው» ብሎ ጻፈ።

«ስም ጠየቅኩህ እንጂ ዋጋ ጠየቅኩህ? አንተ ነህ የጠራሃቸው ወይስ እነሱ ናቸው የመጡት?»

አባዬ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ቀሰረ። እማዬም እጇን አጣጠፈች።

«እማዬ፣ እንዴት አስቻለሽ?» አልኳት። «ድምፁን እኮ ነው የሚለው።»

«ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል» አለች፣ ዓይኗን ከእሱ ሳታነሳ። አባዬ እስኪርቢቶውን ሰሌዳው ላይ እያስጮኸ በትልልቁ ጻፈ፦ «ድምፄን አትፈልጊውም ማለት ነው?»

አነበበችው። እንባዋ ወረደ። «እኔ ነኝ የማልፈልገው? በር ዘግተህ የቀዳህልኝን እስካሁን ያልሰማሁት ለምን ይመስልሃል? ከሰማሁት የሚያልቅብኝ እየመሰለኝ ነው። አላስገባም። ነገ ሐኪምህን እንጠይቃለን፤ እሱ ይሁን ካለ በገዛ እጄ አስገባልሃለሁ። ዛሬ ግን ብትጠላኝም አላስገባም።»

አባዬ በንዴት መስኮቱን ዘጋው። ነገሩ ግን ፈቃድ ባያገኝም ተስፋ አልቆረጠም፤ የአባዬን አካውንት ብቻ ይዞ ሥራውን ጀመረ። ዓይናችን እያየ የመናኸሪያው ፎቶዎች አንድ በአንድ ነጭ ወረቀት ሆኑ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ የጻፈው ሁሉ ስሙ ተቀየረ። ቀጥሎ «ፋይልህን ከፈለግህ ክፈል» የሚል ቀይ ገጽ ወጣ። እኔ ፍላሹን ነቀልኩ፣ እማዬ ሶኬቱን ነቀለች። አባዬ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። የሠርጌ ምርቃት፣ የልጅሽ ተረት፣ እማዬ ያልሰማችው፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው፤ ይኑር ይጥፋ የሚያውቅ የለም። ለአንቺ ልደውል ስልኬን ሳነሳ አባዬ እጄን ያዘና «ለእሷ እንዳትነግሪያት» ብሎ ጻፈ። ንዴት አልነበረም፣ እፍረት ነበር።

በማግስቱ መንገዱ ጥግ ላይ ያለውን ኮምፒውተር ጠጋኝ ጠራነው። ገና በሩ ላይ «አድሚን ሆናችሁ ነው የከፈታችሁት? ከሆነ ቦርሳዬን አልፈታም» አለ። እንዳልሆነ ስንነግረው ገባ፣ በራሱ ዲስክ አስነሳው። መጀመሪያ ፍላሹን አየና «ይሄ አልቋል» አለ። የአባዬን አካውንት ከፈተና «ይሄም አልቋል» አለ። አባዬ አጠገቡ ቆሞ በየ«አልቋሉ» ትከሻው ዝቅ ይላል። እማዬ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

ከዚያ ያንቺ ፎልደር ላይ ደረሰ። ፋይሎቹን አንድ በአንድ አየ። አንዱን ነካው።

«አንተ እንቅልፋም፣ ተነስ እንጂ! አውቶቡሱ አንተን ብሎ የሚቆም መሰለህ?»

ሳሎኑ በአባዬ ድምፅ ተሞላ። እማዬ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። አባዬ አንገቱን ዳበሰ፣ ድምፁ ከዚያ የወጣ ይመስል። ጠጋኙም ዞሮ አየውና «የመናኸሪያው ሰውዬ እርስዎ ነዎት?» ብሎ ኮፍያውን አወለቀ። ሌላውን ከፈተ፣ ሌላውን ከፈተ፣ ሁሉም አሉ። አንድም አልተነካም።

«ማነው ይሄን ያዘጋጀው?» አለ።

«ምራቴ ናት» አለች እማዬ፣ እንደዚያ ቀጥ ብላ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም።

«ሁሉን የሚያድን ዘዴ የለም፤ የሰውዬው የራሳቸው ፋይሎች ሄደዋል» አለን። «ግን ሌባው የገባው በእሳቸው ስም ነው። እሳቸው መንካት የማይችሉትን እሱም መንካት አልቻለም።» ሲወጣ ደግሞ በጽሑፍ የሚናገር እውነተኛ ፕሮግራም እንዳለ፣ እሱን ከሐኪሙ ጠይቀን እንድናመጣ፣ ለዚያም እነዚህ ቅጂዎች እንደሚያስፈልጉ ነገረን።

ጠጋኙ ሄደ። ከዚያ አባዬ ጠረጴዛውን መታ። ሰሌዳው ላይ «የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ልጥል ነበር» ይላል። እማዬ አነበበችና «አልጣልክም፣ ተቆልፎ ነበራ» አለችው። ዛሬ ጠዋት ለእሷ የቀዳላትን በሩን ዘግተው አብረው ሰሙት። ምን እንደሚል አልነገረችኝም፤ ስትወጣ ግን የስፌት መኪናዬን ጩኸት አላማችም።

እህቴ፣ እኔ እንዲህ በግልጽ ማውራት አላውቅበትም፤ ስንተያይ መቀለድ ነው የሚቀናኝ። ስለዚህ እዚህ ልበልሽ፦ አደንቅሻለሁ። ሰው ሁሉ ሊወደድ ሲል እሺ ይላል። አንቺ ከእኛ ጋር ስትኖሪ አዲስ ሰው ነበርሽ፣ ከማንም በላይ መወደድ የሚያስፈልግሽ አንቺ ነበርሽ፤ ግን እንድትጠዪ የሚያደርግሽን ነገር መርጠሽ አደረግሽልን። ለዘለፋውም መልስ አልሰጠሽም። እኔ ብሆን ኖሮ ከነፓስወርዱ ወርውሬላቸው እሄድ ነበር።

አሁን አንድ ፈቃድ እጠይቅሻለሁ። እንደምታውቂው ያ አናጢ እጮኛዬ ልቡ ቆርጦ ቤት ተከራይቷል፤ ከሠርጉ በኋላ እኔ እዚህ አልኖርም። ግማሼን ለማን ላስረክብ ብዬ ስጨነቅ አባዬ ጠረጴዛውን መታ። «ለእኔ ስጪኝ» ብሎ ጻፈ። እኔና እማዬ ተያየን። ጠረገና ጨመረበት፦ «እኔ እንደሆንኩ ከእንግዲህ አፌ አያመልጠኝም።» እማዬ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ግድግዳ ያዘች፣ እሱም ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። እኔ እሺ ልለው ነው። የእማዬ ግማሽ እሷው ጋ ነው፣ ታውቂያታለሽ።

ደብዳቤውን ይዞልሽ የሚመጣው የባልሽ ባልደረባ ነው፤ ፖስታው ውስጥ አዲስ ፍላሽ አለ። ሁሉም አለበት። አባዬ ራሱ ነው «ይላክላት» ያለው፣ እኔና እማዬም ግማሽ ግማሻችንን አስገብተን ነው የቀዳነው። መቼም ሳትፈትሺው እንደማትከፍቺው አውቃለሁ፣ አልቀየምሽም። ወንድሜን ሳሚልኝ። ልጁ ሲወለድ እዚያ እገኛለሁ፤ ይህን ቃል ገብቻለሁ።

አባዬ «ከታች ቦታ ተዪልኝ» ስላለኝ እዚህ ላብቃ። የሚጽፈውን አላነበውም፤ ፖስታውን የሚያሽገው እሱ ነው።

የባልሽ እህት፣
ለጊዜው ግማሽ ቁልፍ ያዥሽ

ልጄ፣

የሄድሽ ቀን መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር። መጋረጃው ጋርዶኝ ነው እንጂ መኪናው እስኪታጠፍ አይቼሻለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የማላውቀውን መንገደኛ ሁሉ «በሰላም ግቡ» ብዬ ሸኝቻለሁ፤ አንቺን ድምፅ እያለኝ አልሸኘሁሽም። ፍላሹ ላይ ብትፈልጊው የለም፣ እኔም ፈልጌዋለሁ። ፕሮግራሙ ሲመጣ ሌላውን ሁሉ ይበልልኝ፣ ይህን ግን ማሽን እንዲልልኝ አልፈልግም፤ በእጄ ጻፍኩት።

በሰላም ግቢ፣ ልጄ።